ዲትሮይት መሃል ከተማ ስትሄዱ ቀና እያላችሁ ተራመዱ

መጀመሪያ ቀን ተሸውጃለሁ። ጓደኛዬ ዓርብ ማታ የአሜሪካዋ የመኪና ከተማ ዲትሮይት ዋና መንገድ፣ ዉድዋርድ ጎዳና ላይ አወረደኝ። መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ የሰዉ ግርግር! «ሞታለች የሚሏት ከተማ ይቺ ናት?» አልኩት። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ተመለስኩ። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ እንዳልኩ የራሴን ኮቴ ሰማሁ።

ስለዚህ ከተማዋ እውነት ነፍስ ዘርታ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ሂዱ። አንዴ የጨዋታ ወይም የኮንሰርት ቀን፣ አንዴ ተራ የሥራ ቀን። ስለ ከተማዋ የምትጽፉ ከሆነ የሁለተኛውን ቀን ጻፉ።

ከእግር ጉዞ በፊት ፒፕል ሙቨር የሚባለውን ትንሽ ባቡር ተሳፈሩ። በ1987 ሥራ የጀመረ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ13 ጣቢያዎች መሃል ከተማውን በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ወደ ሌላ ሰፈር አይወስድም። ለትራንስፖርት ብዙም አይረባ፣ ለማየት ግን አንደኛ ነው። መስኮቱ ጋ ተቀመጡና ፓርኪንግ ቁጠሩ። ቀልዴን አይደለም። ብዙው ባዶ ቦታ ድሮ ሕንፃ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሰፊ መሬት ፈልገው ከከተማ ወጡ። ነጮቹ ቤተሰቦች አዲሶቹን አውራ ጎዳናዎች ተከትለው ወደ ዳር ሄዱ፤ ሱቁም ደንበኛውን ተከተለ። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን የነበረው ነዋሪ በ2020 ወደ 640 ሺህ ወርዷል። ተከራይ ያጣ ሕንፃ ወጪው አይቆምም፤ አፍርሶ ፓርኪንግ ማድረግ ያዋጣል።

ይህን በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ ባግሊ ጎዳና ሂዱ። በ1926 የተከፈተው ሚሺጋን ቴአትር ከ4 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ ነበር። ተያያዡ የቢሮ ሕንፃ እንዳይጎዳ ተብሎ አልፈረሰም። ውስጡን አራግፈው በ1970ዎቹ ባለ ሦስት ወለል ፓርኪንግ አደረጉት። የግል ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትግቡ፣ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ላይኛው ወለል ድረስ ውጡ። ከራሳችሁ በላይ በጅብሰም ጌጥ የተሞላው ጣሪያ አለ፣ ግማሹ ረግፎ። ከሥሩ ፒካፕ ቆሟል፤ የሞተር ዘይት መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሄንሪ ፎርድ በ1896 የመጀመሪያ መኪናውን የሠራባት ጎጆ የነበረችው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። እኔ ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

የታደሱ ሕንፃዎች ጋ ስትደርሱ ምድር ቤቱን አትዩ። ያማረ ካፌ ማንም ይከፍታል። ቀና ብላችሁ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ እዩ። ሰው የሚኖርበት ሕንፃ መስኮቶቹ አይመሳሰሉም፤ አንዱ መጋረጃው የተጣመመ ነው፣ አንዱ ድመት ተቀምጦበታል። ባዶ ፎቅ ግን መስኮቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማታ ደግሞ ተመልሳችሁ የበሩትን መብራቶች ቁጠሩ።

ሽማግሌ ካገኛችሁ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ድሮ እዚህ ምን ነበር?» በሉ። እኔን አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሃድሰንስ የሚባለው ግዙፍ መደብር ስለነበረበት ቦታ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። የመጀመሪያ ጫማውን እናቱ የገዛችለት እዚያ ነው። መደብሩ በ1983 ተዘጋ፤ በ1998 በፈንጂ ሲያፈርሱት ፍርስራሹ የፒፕል ሙቨሩን ሐዲድ ጎዳው። አሁን ቦታው ላይ ረጅም ሕንፃ ቆሟል። ሰውዬው ቀና ብሎ አየውና «ያምራል፣ ግን ምን ልገዛ ልግባበት?» አለኝ።

የመጨረሻው ፈተና ከዚህ የመጣ ነው። መኪናችሁን አቁሙና ለቤት የሚያስፈልግ ነገር በእግር ሄዳችሁ ለመግዛት ሞክሩ፤ እንቁላል፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ አምፖል። እኔ እንቁላሉንና ኪኒኑን አገኘሁ። አምፖል ፍለጋ ስዞር የከተማዋ ስም የተጻፈበት ኮፍያ የሚሸጡ አራት ሱቆች ቆጠርኩ። አምፖሉን የገዛሁት በመኪና ሄጄ ነው።