ኮዲን አጥፍቶ መጫን መድኃኒት አይደለም፦ ሳሎን ኮምፒውተር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኮዲ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፊልሞችን በፖስተር ደርድሮ የሚያጫውት ፕሮግራም ነው። የጎረቤቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ኮዲው ተበላሽቷል፤ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት፣ እምቢ አለ» አለኝ። ማታ ወደ ጅማው ሰፈራችን ቆጪ ስመለስ ጎራ አልኩ። የፊልሞቹ ፖስተር ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። አንዱን ሲጫኑት ግን ፋይሉ የለም የሚል መልእክት ይመጣና ከዝርዝሩ ላውጣው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ተናዶ «አዎ»፣ «አዎ» ሲል ወደ አርባ የሚሆን ፊልም ከዝርዝሩ አስወጥቷል። ሀርድ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው፣ ፊልሞቹም አሉ። ለካ ጠዋት እህቱ ፎቶ ልታሳይ ፍላሽ ሰክታ እዚያው ትታው ሄዳለች። ኮምፒውተሩ ሲከፈት፣ ዊንዶውስ ለየዲስኩ ከሚሰጣቸው ፊደሎች ፍላሹ «ኢ» የሚለውን ቀድሞ ያዘ፣ ሀርድ ዲስኩ «ኤፍ» ሆነ። ኮዲ ደግሞ ፊልሞቹን የሚያውቃቸው «ኢ» ላይ ነው።

ታዲያ ሦስቴ መጫኑ ለምን አልረዳም? ኮዲ ከዊንዶውስ ላይ ሲጠፋ፣ አብሮ ይጥፋ ካላላችሁት በቀር፣ ዩዘርዳታ የሚባለው ፎልደር ቦታው ላይ ይቀራል። የፊልሙ ዝርዝር፣ የታየና ያልታየው ምልክት፣ የድምፅ ምርጫው፣ የተሳሳተው አድራሻም ጭምር ያለው እዚያ ነው። አዲሱ ኮዲ ይመጣና ያንኑ አሮጌ ፎልደር ያነባል። ቤቱን አፍርሶ ሠርቶ የድሮውን እቃ እንደነበረ መመለስ ማለት ነው።

የፊደሉ ነገር መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ለሀርድ ዲስኩ ራቅ ያለ ፊደል፣ ለምሳሌ «ኤም» ስጡት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፍላሽ አይቀማውም። ኮዲ ያንን አዲስ ፊደል እንዲያውቅ አድርጋችሁ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ መሥራት ነው የሚቀረው። ሀርድ ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ደግሞ «ክሊን ላይብረሪ» የሚለውን አትንኩ፤ ፋይላቸውን ያጣቸውን ፊልሞች ከዝርዝሩ ይጠርጋል። ዩዘርዳታን በወር አንዴ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ልማድ ቢሆን ልጁ ያን ማታ አይቸገርም ነበር። እኛ ግን አርባውን አንድ በአንድ መለስናቸው፤ እናቱ ያፈሉት ቡና አቦሉም ቶናውም አልቆ በረካው ላይ ነው የጨረስነው።

ራም መጨመር

ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ለሳሎን ጥሩ እቃ ነው፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ፊልም ሲንገዳገድ ግን የሁሉም ሰው ምክር «ራም ጨምርበት» ይሆናል። ፊልም ለማየት 4 ጊጋ ራም ከበቂ በላይ ነው፤ ጉዳዩ ያለው ፕሮሰሰሩ ፋይሉን በምን እንደሚፈታው ላይ ነው።

ፊልም የሚታሸግባቸው መንገዶች አሉ። ኤች 264 እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፤ ማንኛውም አሮጌ ማሽን ይፈታዋል። በ2013 የመጣው ኤችኢቪሲ ያንኑ ፊልም በጣም ባነሰ መጠን ያስቀምጣል፣ ለመፍታት ግን ከባድ ነው። የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ለኤችኢቪሲ የተሟላ የራሱ መፍቻ የለውም፤ አብዛኛው ሥራ ሲፒዩው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ ይወድቃል። 6ኛው ትውልድ ባለ 8 ቢት ቀለሙን ኤችኢቪሲ ይችላል፣ ባለ 10 ቢቱን ያለ ጭንቅ የሚፈታው ከ7ኛው ጀምሮ ያለው ነው። ኤቪ1 የሚባለው አዲሱ ደግሞ 11ኛው ትውልድ ላይ ነው የገባው። ስለዚህ «ይሄ እኮ ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም፤ የትኛው አይ ፋይቭ?

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፊልሙ እየሄደ ኪቦርዱ ላይ የእንግሊዝኛውን «ኦ» ተጫኑ፤ ኮዲ ትንሽ ሰሌዳ ያወጣል። ዲኮደሩ (የፊልሙ መፍቻ) አጠገብ «ኤችደብሊው» ካለ ሥራውን የያዘው የግራፊክሱ ክፍል ነው። «ኤስደብሊው» ካለና የሲፒዩው ቁጥር ወደ መቶ ከተጠጋ መልሱን አገኛችሁ። ሌላ እቃ ከመግዛት በፊት ፊልም ማስጫኛ ቤት ስትሄዱ «ኤች 264ቱን ስጠኝ» በሉት። ፋይሉ ከፍ ይላል፣ ፊልሙ ግን ይሄዳል።

ስለ ፋይል መጠን ካነሣን፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ቦታ አለው፣ አልገለብጥ አለ» የሚባለው ይሄ ነው። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ ግን አትርሱ።

መብራት እና ሰዓት

ጅማ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ማንም አይደነግጥም፤ ኮምፒውተሩ ግን ይደነግጣል። ኮዲ ዝርዝሩን የሚይዘው በዳታቤዝ ፋይል ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ በማግስቱ ፊልሞቹ ሁሉ ከሜኑው ጠፍተው ታገኛላችሁ። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ብትገዙ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ፊልሙን እስከ መጨረሻ ለማየት ሳይሆን በሥርዓቱ ለመዝጋት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። «ኦን» ከሆነ፣ መብራቱ ሦስቴ ሲሄድ ሲመጣ እሱም ሦስቴ ይነሣል ይወድቃል። ጠፍቶ እንዲቆይ አድርጉት።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ልንገራችሁ። አንድ ሀጂ ቤት ጠርተውኝ፣ ኮዲ ፖስተር ማውረድ አቁሟል፣ አድኦን የሚባሉትን ተጨማሪ ክፍሎች መጫንም አልቻለም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ስልካቸው በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ያጫውታል። ራውተሩ ተቀይሯል፣ ኮዲ እንደተለመደው ጠፍቶ ተጭኗል። ልጆቹ «ቫይረስ ነው» ብለው ደምድመዋል። እኔም ግማሽ ሰዓት ያህል የኔትወርክ ሴቲንግ ስበረብር ቆይቼ፣ ድንገት ዓይኔ የኮዲ ሰዓት ላይ አረፈ። ቀኑን ስከፍተው ዓመቱ 2012 ይላል፣ እሱም በፈረንጅ። «ሀጂ፣ ይሄ ኮምፒውተር ወደ ኋላ ሄዷል» ብላቸው፣ «እኔንም ይዞኝ ቢሄድ ምናለ» ብለው ሳቁ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ሶኬቱ በተነቀለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ያለው ቀን ሲሳሳት ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ግንኙነቱን አይቀበልም። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፤ የሰዓት ጠጋኞችም ይይዟታል። ቀይራችሁ ቀኑን አስተካክሉ፣ አለቀ።

የፊልም ስምና ዓመት

ኮዲም ሆነ ፊልምን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌሎች ስክሪኖች የሚያሠራጩት ጄሊፊንና ፕሌክስ፣ ፖስተርና ታሪክ የሚያመጡት የፋይሉን ስም አንብበው ከኢንተርኔት ጋር አመሳክረው ነው። ስሙ ሲዝረከረክ መልሱም ይዝረከረካል። ለፊልም ስሙና ዓመቱ በቅንፍ ይበቃል። ለተከታታይ ድራማ «ኤስ01ኢ05» የሚለው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ፊደል መኖር አለበት፤ «ክፍል 5» ብላችሁ ከጻፋችሁ አይገባውም።

የኛው የራሳችን ወጥመድ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2009 የወጣን የአማርኛ ፊልም 2009 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ 2009 የወጣ ሌላ ፊልም ፍለጋ ይሄዳል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምራችሁ 2016 ወይም 2017 ጻፉ። ያም ሆኖ ብዙ የአማርኛ ፊልሞች እዚያ አልተመዘገቡም። ለነሱ ለብቻ ፎልደር ክፈቱላቸውና ከኢንተርኔት መረጃ እንዳይፈለግ አድርጉ። ፖስተሩን ስልክ ላይ ካለ ምስል ቆርጣችሁ «ፖስተር» በሚል የእንግሊዝኛ ስም አጠገቡ አስቀምጡ። ሰርግና ክርስትናም እዚያው ይግቡ። እኔ ይህን ሳላውቅ የእህቴን ሰርግ «ዌዲንግ 1» በሚል ስም ከፊልሞቹ ጋር ቀላቅዬ አስቀምጬ፣ ኮዲ የማላውቃቸው ፈረንጆች የተደረደሩበትን ፖስተር ለጠፈበት። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችና «እነዚህ ደግሞ የማን ሚዜዎች ናቸው?» አለች።

የአማርኛ ሰብታይትል ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ከ20ኛው የኮዲ እትም ወዲህ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ኮዲ ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» ከሚለው ሥር «ፎንትስ» ውስጥ ጨምራችሁ ሰብታይትል ሴቲንግ ላይ ትመርጡታላችሁ። ሳጥን ሳይሆን የተወላገደ ፈረንጅኛ ፊደል ከሆነ ግን ጽሑፉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ዩቲኤፍ-8 አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

አንዳንዱ ፊልም ይሰማል፣ አንዳንዱ ዲዳ ነው። ይሄ ሲገጥማችሁ ገመዱን አትንኩ። ኮዲ ድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ፓስትሩ» የሚል አለ፤ አንድ ሰው «ጥራት ይጨምራል» ብሎ አብርቶት ይሆናል። ትርጉሙ «ድምፁን እኔ አልፈታም፣ እንደታሸገ ልላክልህ» ነው። ጥሩ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ደግ ነው። ባዶ ቴሌቪዥን ግን ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ አስተሻሸግ አብዛኛውን ጊዜ መፍታት አይችልም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። አጥፉት፤ ቻናሉንም 2.0 አድርጉት። ሁሉም ፊልም ዝም ካለ ደግሞ ዊንዶውስ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ጃክ መልሶት እንደሆነ እዩ። ቴሌቪዥኑ ሳይበራ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ሲነሣ ይሄ ይሆናል። በቪጂኤ ገመድ ያገናኘ ሰው ድምፅ ባይጠብቅ ይሻለዋል፤ ቪጂኤ ምስል ብቻ ነው የሚወስደው።

የስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጦ ከታየ መስተካከል ያለበት ቴሌቪዥኑ ነው። የምስል መጠን የሚለው ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚመስል ምርጫ ፈልጉ። ካሜራው ወደ ጎን ሲሄድ ምስሉ ካነጠሰ ደግሞ ኮዲ ላይ «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን አብሩ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ቴሌቪዥኑ 60 ላይ ቆሞ ሲከፋፍለው ነው የሚያነጥሰው።

ለአንድ ቴሌቪዥን ሰርቨር

አንድ ቲቪ፣ አንድ ሀርድ ዲስክ ያለው ሰው ፕሌክስ ሰርቨር ሲጭን አይቼ ገርሞኛል። ፕሌክስ ሲጀመር አካውንት ከፍታችሁ በኢንተርኔት እንድትገቡ ይፈልጋል፤ ዳታ ፓኬጅ ባለቀበት ማታ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ፊልሙ በየክፍሉና በየስልኩ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ጄሊፊን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ያለ ውጭ ኢንተርኔትም ቤት ውስጥ ይሠራል። ስልኩ የማይፈታውን ፊልም ግን ሰርቨሩ እንደገና ሊቀይረው ስለሚሞክር አሮጌ ማሽን ያኔ ይታፈናል። ለሌላው ሁሉ ኮዲ ይበቃል።

ከቴሌግራም የሚወርድ «ሁሉም ቻናል ያለበት ኮዲ» የሚባለውን ግን በጭራሽ አትጫኑ። ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ የተጀመረ፣ በ2014 ስሙን የቀየረ ማጫወቻ ነው፤ ከራሱ ፊልምም ቻናልም ይዞ አይመጣም። ሌላ ሰው ውስጡን ነካክቶ ሲሰጣችሁ ምን እንደጨመረበት አታውቁም፣ ሲበላሽም የሚረዳችሁ አታገኙም።

ቲቪ ስታንዱ

የጅማ አናጺ እጅ አይታማም። ባለ ሦስት እግር በርጩማውን የሠራ ሰው ቲቪ ስታንድም ሲሠራ አሳምሮ፣ ከኋላ በወፍራም ጣውላ ዘግቶ፣ ከፊት በር አበጅቶ ነው። ኮምፒውተር እዚያ ውስጥ ሲገባ ግን ይታፈናል። ፊልም ከተጀመረ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መንገዳገድ ከመጣ፣ መጀመሪያ ላይ ደህና ከነበረ፣ ሙቀት ነው። ፋኑን ከአቧራ አጽዱ፣ በሩንም ከፍታችሁ ሞክሩት። በክረምት ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት አይቆይ፤ የጅማ እርጥበት የተዘጋ ቦታ ይወዳል። እኔ አናጺውን ጠርቼ የኋላውን ጣውላ በክብ እንዲበሳልኝ ስጠይቀው፣ ቅር ብሎት «ይሄን የመሰለ ዋንዛ?» አለ። ከአግዳሚው ዝቅ አድርጎ፣ ከፊት እንዳይታይ፣ ሁለት ቀዳዳ በሳልኝ። ገንዘብ ግን አልቀበልም አለ፤ እንጨት ለማበላሸት አይከፈልም ብሎ።