ከወሎ ተነስቶ ሂማላያ ለመውጣት

ደሴ ያደገ ሰው ከፍታ አይበግረውም ሲሏችሁ አትመኑ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለጀማሪ የሚመከረው የኔፓሉ ሜራ ፒክ ተራራ ግን 6,476 ሜትር ነው። ለእግርና ለሳንባ በላሊበላ አቅራቢያ ያለውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ የመሰለ መለማመጃ የለም፤ ሸክም አዝላችሁ ውጡት፣ እዚያው አድራችሁ ብርዱን ቅመሱት። በረዶ ላይ መራመድን ግን እዚህ አትማሩም፣ ስለዚህ የክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ከጫማ ስር የሚታሰር የብረት ጥርስ) እና የገመድ ስልጠና የሚሰጥ አስጎብኚ ፈልጉ።

ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ሼርፓ (የኔፓል ተራራ መሪ) ስንት ሰው እንደሚመራ ጠይቁ፣ የየቀኑን የማደሪያ ከፍታም በጽሁፍ ተቀበሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ ከዚህ የፈጠነ ፕሮግራም ርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። ኢንሹራንሱ የሄሊኮፕተር ማዳንን እስከምትወጡበት ከፍታ መሸፈኑን አረጋግጡ። ተራራው ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ የከፍታ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይሉኝታ ሳይዛችሁ ወዲያው ለመሪው ንገሩ፤ ከባሰባችሁ ውረዱ።