የምትወዱት የድራማ ገጸ ባህሪ ሲሞት እንዴት ማዘን ይቻላል?

መጀመሪያ ስክሪኑን አጥፉት። አንዱ ክፍል እንዳለቀ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል፤ ገና ሞቱን ሳታምኑ ሌላ ጉድ ይመጣባችኋል። ያን ማታ ሌላ ክፍል አትክፈቱ። እንባ ከመጣ ይምጣ።

«ኧረ ድራማ እኮ ነው!» የሚላችሁ አይጠፋም። ድራማ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ተመልካች ስክሪን ላይ ከሚያያቸው ሰዎች ጋር የአንድ ወገን ቅርበት እንደሚፈጥር ጽፈዋል። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እሱ አያውቃችሁም። ለዓመታት ሲስቅ፣ ሲዋሽ፣ ሲጣላና ሲታረቅ አይታችሁታል። ስለዚህ ራሳችሁን ለማስረዳት አትድከሙ። ያንኑ ድራማ የሚከታተል ሰው ፈልጋችሁ ደውሉ። እዚያ ክፍል ላይ ገና ካልደረሰ ግን አደራ፣ አፋችሁን ያዙ!

ቀጥሎ የጎደለባችሁ ምን እንደሆነ ለዩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው።

የናፈቃችሁ ሰውየው ራሱ ከሆነ፣ ቀልዱና አነጋገሩ ከሆነ፣ ወደ ድሮዎቹ ክፍሎች ተመለሱ። የሞተበትን ደጋግሞ ማየት ቁስል መነካካት ነው። በጣም ያሳቃችሁን ክፍል ምረጡ።

አንዳንዴ ደግሞ የጎደለው ሰዓቱ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ከእህታችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ስታወሩ የነበረበት ሰዓት። እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን አትልቀቁት። ያው ቀን፣ ያው ሰው፣ ሌላ ፊልም። ፊልሙ ባይረባ እንኳ እሱን እያማችሁ ታመሻላችሁ።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። የድራማው ሞት የራሳችሁን የቆየ ሐዘን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስክሪኑ ላይ አንድ አባት ሞተ፣ እናንተ ግን ያለቀሳችሁት ለአባታችሁ ነው። ያኔ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ እሳቸው ለምታምኑት ሰው አውሩ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎ ሳምንታት ካለፉ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

መሰናበቻ ማዘጋጀትም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 «ቶርችዉድ» በተባለው የብሪታንያ ድራማ ያንቶ ጆንስ የተባለው ገጸ ባህሪ ሲሞት፣ አድናቂዎቹ ካርዲፍ ከተማ ውስጥ አንድ ግድግዳ መርጠው ደብዳቤ፣ ፎቶና አበባ ሞሉት፤ ለዓመታትም ቆየ። እናንተ ግድግዳ አያስፈልጋችሁም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉለት፣ ወይም መጨረሻውን እንደምትፈልጉት አድርጋችሁ ጻፉት።

ደራሲውን ወይም ተዋናዩን መሳደብ ግን አያስፈልግም። ተዋናዩ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ ምናልባትም መውጣት የፈለገው ራሱ ነው።

«ይመለስ ይሆን?» እያሉ መጠበቅም ያደክማል። እርግጥ የሚመለስ አለ። «ዳላስ» በተባለው የአሜሪካ ድራማ ቦቢ ኢዊንግ የተባለው ገጸ ባህሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ሞቶ በ1986 ተመለሰ፤ በመሃል የታየው ሲዝን በሙሉ ሕልም ነበር ተባለ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ከሚመለስ ሞቶ ቢቀር ይሻለኛል።

ድራማውን መቀጠል ግዴታ አይደለም። ትንሽ ዕረፍት ውሰዱና ሁለት ሦስት ክፍል ሞክሩ። ካልጣማችሁ ተዉት።