ፍሎረንስን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሎረንስ ትንሽ ከተማ ናት። ከባቡር ጣቢያው እስከ ትልቁ ካቴድራል በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ጠዋት ገብቶ ሁሉንም አዳርሶ ማታ ሮም የሚመለስ ይመስለዋል።

እንዲህ ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ሰው ሰኞን ከመረጠ ቀኑ ተበላሸበት። ኡፊዚ የተባለው የሥዕል ሙዚየምም ሆነ የማይክል አንጄሎ «ዳዊት» ሐውልት የሚገኝበት ሙዚየም፣ አካዴሚያ፣ ሰኞ ዝግ ናቸው። በሲኞሪያ አደባባይ ላይ ያለውን ዳዊት አይቶ «አየሁት» የሚል አይጠፋም፤ እሱ ግን በ1910 እ.ኤ.አ. የቆመ ቅጂ ነው። ዋናው ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ ውስጥ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ስለሚያስገቡ ያጓጓል፣ ሰልፉ ግን አይጣል ነው። እኔ ብሆን ከፍዬ በሌላ ቀን እገባለሁ።

ቲኬት አስቀድሞ አለመቁረጥም ብዙ ሰዓት ያስበላል። ሲቆርጡም ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የመጣልዎትን ገጽ አይመኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ጨምሮ የሚሸጥ ደላላ ነው። የሙዚየሙን የራሱን ድረ ገጽ ይፈልጉ።

ካቴድራሉ ላይ ስህተቱ ይበዛል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መግባት በነጻ ነው፤ ብሩኔሌስኪ የሠራው ጉልላት ላይ መውጣት ግን ሰዓቱ የተወሰነ ቲኬት ይፈልጋል። ደረጃው 463 ነው፣ ሊፍት የለም። መንገዱ በጉልላቱ ውስጠኛና ውጪኛ ግድግዳ መካከል ስለሆነ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው፣ ጉልበቱ ወይም ልቡ የሚያስቸግረው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ደግሞም ጉልላቱ ላይ ሆነው ጉልላቱን አያዩትም! ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ደወል ቤቱን እመርጣለሁ፤ ደረጃው 414 ነው፣ ጉልላቱም ፊት ለፊት ይታያል። ትከሻና ጉልበት ተራቁቶ መግባት አይፈቀድም፤ በበጋ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ አንዲት ነጠላ ጣል ማድረግ ብልህነት ነው።

ከካቴድራሉ ፊት ባለው የጥምቀት ቤት በወርቅ የተለበጠውን በር ሁሉም ተጋፍቶ ፎቶ ያነሳዋል። እሱም ቅጂ ነው። ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452 የደከመበት ዋናው በር ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ያንን ሳያዩ መመለስ ለእኛ በተለይ ያስቆጫል። ከአሥሩ የብሉይ ኪዳን ትዕይንቶች የመጨረሻው፣ በስተቀኝ ታች ያለው፣ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ነው። በሕዝብ ተከበው፣ መሀል ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። እዚህ ሳይቸኩሉ ጠጋ ብለው ይዩት፤ ከኋላ ያለው ሕንፃ በስሱ ተቀርጾ ወደ ውስጥ የሚርቅ እስኪመስል ድረስ ጥልቀት አለው።

ኡፊዚ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ጥፋት የታዋቂው ሠዓሊ የቦቲቼሊ ሥዕሎች ወዳሉበት ክፍል ብቻ መሮጥ ነው። ረጅሙን ኮሪደር ሲያልፉ ቀና ይበሉ። ከጣሪያው ሥር በተርታ የተሰቀሉት የታላላቅ ሰዎች ምስሎች የፍሎረንስ መስፍን የነበረው ቀዳማዊ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ያሠራቸው ናቸው። ሠዓሊው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ከታሪክ ጸሐፊው ከፓኦሎ (ጳውሎስ) ጆቪዮ የምስል ስብስብ እየገለበጠ ሣላቸው፤ ከስብስቡም አንዱ ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም፤ ቢሆንም ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በአንድ ተርታ መቀመጣቸው በራሱ ብዙ ይናገራል። እዚያ ያሉትን ሥዕሎች ሁሉ ልጨርስ ማለት ግን አያዋጣም። አሥራ አምስት ያህል መርጦ ማየት ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ ዓይን ይሰለቻል። ትልቅ ሻንጣ ይዘው አይሂዱ፣ አያስገቡትም።

ከስዊዘርላንድ ወይም ከጀርመን በመኪና ለሚመጡ፦ መሀል ከተማው ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ነው፣ መግቢያዎቹን ካሜራ ይጠብቃቸዋል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤትዎ ድረስ በፖስታ ይመጣል። መኪናውን ከክልሉ ውጪ አቁመው በትራም ይግቡ።

ቡና ሲያምርዎት ደግሞ ባንኮኒው ጋ ቆመው ይጠጡ። ወንበር ስበው ከተቀመጡ ያው ስኒ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ በተለይ አደባባዮቹ ዙሪያ።