ዋርሎክ (ጂን የሚያዝ ጠንቋይ) ለምትጫወቱ፦ ጂኑ ይቅደም

ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የተባለው የኦንላይን ጨዋታ ላይ ኔት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ቮይድዎከሩን፣ ምት የሚቀበልላችሁን ጂን፣ ጭራቁ ላይ ላኩት። ጂኑ ሁለት ሦስቴ እስኪመታው እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከቸኮላችሁ ጭራቁ ወደ እናንተ ይዞራል፣ የለበሳችሁት ደግሞ ጨርቅ ነው። ከዚያ ከርስ ኦፍ አጎኒ የተባለውን እርግማን ጣሉበት፣ ሳያስጠብቅ ወዲያው ስለሚሠራ። ኮራፕሽን የተባለው ድግምት ግን የታለንት (የችሎታ ማሻሻያ) ነጥብ ካላወጣችሁበት ለመጣል 2 ሰከንድ ይፈጃል።

ጭራቁ ሊሞት ሲል ድሬይን ሶል (ነፍስ የሚስበውን ድግምት) ጀምሩ። እየሳባችሁት ካልሞተ፣ ወይም ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) የማይሰጥ ደካማ ከሆነ፣ ሻርድ (ጂን መጥሪያው የነፍስ ስባሪ) የለም፤ ያለ ሻርድ ደግሞ የሚመጣላችሁ ያው ለፍላፊው ትንሽ ጂን፣ ኢምፕ ነው። ሻርድ አይደራረብም፣ እያንዳንዱ አንድ የቦርሳ ቦታ ይበላል፤ ትርፉን ጣሉት።

ዋሻ ውስጥ ፊርን (የማስፈራሪያውን ድግምት) ተዉት። የደነበረው ሮጦ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ይመጣል።