"ደከመኝ" ለማይል ልጅ ትንፋሽ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዴት እናስጀምረው

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ትንሽ ሮጦ ሲቀመጥ አብዛኛው ሰው "ሰነፍ ነው" ወይ "አልገባውም" ብሎ ነው ሚያልፈው። እኔ ከነዚ ልጆች ጋር ስፖርት ስሰራ ደጋግሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው፣ ልጁ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ደረቱ ተጨንቋል፣ ያንን ግን በቃል ማስረዳት አይችልም፣ ስለዚ ወይ መሬት ላይ ዝርፍጥ ይላል ወይ ይጮሃል ወይ ጥሏችሁ ይሄዳል። በማግስቱ የስፖርት ጫማውን ስታነሱ ይደበቃል። ከሁሉም በፊት ያዙልኝ ምለው ይሄንን ነው፣ የዚህን ልጅ ትንፋሽ ማንበብ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ኤሮቢክ ሚባለው ትላልቅ ጡንቻዎች አንድ ላይ እየሰሩ ለተወሰነ ደቂቃ ሳይቋረጥ ሚቀጥል እንቅስቃሴ ነው፣ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ዋና፣ ሳይክል፣ ዳንስ። ይሄ ሳንባ ውስጥ አዲስ የአየር ከረጢት አያበቅልም። ሚያደርገው ከሳንባ ስር ያለውን ድያፍራም ሚባለውን ጡንቻና በጎድን አጥንቶች መሀል ያሉትን ጡንቻዎች ማበርታት ነው፣ ደረት በደንብ መከፈት ይለምዳል፣ ጥልቅ ትንፋሽ ሲመጣ ታችኛው የሳንባ ክፍል አየር ያገኛል አክታም ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ልብና የእግር ጡንቻም ኦክስጅኑን በደንብ መጠቀም ይጀምራሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሚውል ልጅ ትንፋሹ ከላይ ከላይ ብቻ ነው። እዛ ላይ ዳውን ሲንድረም (አንድ ክሮሞዞም በመብዛቱ ሚመጣ፣ አብሮ ሚወለድ ሁኔታ) ያለበት ልጅ ጡንቻው ላላ ያለ ነው፣ ሌላው አከርካሪው ተጣሞ ደረቱን ያጠበበት አለ፣ ሌላው ሲበላ ሲጠጣ ትን እያለው ምግብ ወደ ሳንባው ሚሄድበት አለ። የሳንባ ምችና የመሳሰሉት የመተንፈሻ አካል በሽታዎች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ህይወት ከሚቀጥፉት ዋና ዋናዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚ ይሄ ነገር ክብደት ለመቀነስ ብቻ ተደርጎ ሲታይ በጣም ያሳዝነኛል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ሀኪም ይየው። ዳውን ሲንድረም ካለበት፣ እንደሱ ካሉት ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ ልቡ መታየቱን አረጋግጡ፣ የላይኛው የአንገት አጥንት መላላትም ስላለ ሀኪም ሳይፈቅድ በጭንቅላት መገልበጥና ትራምፖሊን ላይ መዝለል ይቅር። የሚጥል በሽታ ካለበት ውሃ ውስጥ ለሱ ብቻ ተመድቦ አይኑን ከሱ ማይነቅል፣ እጁን ዘርግቶ ሚደርስበት ሰው ያስፈልጋል፣ በርቀት ቆሞ ማየት አይበቃም። አንድ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ቶፒራሜትና ዞኒሳማይድ ሚባሉት ለሚጥል በሽታ ሚታዘዙ መድሀኒቶች ላብ ይቀንሳሉ፣ ልጁ ሳያልበው ሰውነቱ ሊግል ይችላል፣ እነዚን ሚወስድ ከሆነ በጠዋት ወይ ወደማታ በቀዝቃዛው ሰአት አሰሩት፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት።

መጠኑ ላይ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ጨምሮ፣ በሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል፣ አብዛኛው ኤሮቢክ ሆኖ። ይሄ መድረሻው ነው፣ መነሻው አይደለም። ተንቀሳቅሶ ማያውቅን ልጅ በሳምንት ሶስት ቀን በ10 ደቂቃ ጀምሩት፣ እሱም ከከበደ ሁለት ደቂቃ እየሰራ አንድ ደቂቃ እያረፈ። ከዛ በየሳምንቱ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጨምሩ። አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ማሟሟቅ፣ መሀሉ ዋናው ስራ (ከላይ ያልናቸው ደቂቃዎች የሱ ብቻ ናቸው)፣ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ፣ በተለይ የመጨረሻውን አትዝለሉ፣ ድንገት ማቆም ያዞራል። ለውጡን በሁለት ሳምንት አትጠብቁ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጡት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ትንፋሹን እንዴት ነው ምታነቡት? ሚናገር ልጅ ከሆነ ቀላል ነው፣ እየሄደ ማውራት ከቻለ ግን መዝፈን ካቃተው ልክ ነው፣ ዘፈን ሙሉውን ከዘፈነ ጨምሩ፣ ሁለት ቃል አንድ ላይ ካልወጣው ቀንሱ። ማይናገር ልጅ ላይ ግን መጀመሪያ ተቀምጦ እያለ እንዴት እንደሚተነፍስ ለጥቂት ቀን እዩት፣ አፉ ይከፈታል ወይስ ዝግ ነው፣ ትከሻው ይነሳል ወይስ ሆዱ፣ በደቂቃ ስንቴ ነው። ያንን ሳታውቁ ሲሮጥ ያለውን ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? ፊቱ ቀላ ወይ ሞቅ ብሎ፣ ትንፋሹ ፈጥኖ ግን እኩል እኩል እየሄደ፣ ስትጠሩት ዞር ካለ ጥሩ ላይ ነው። ቁና ቁና እየተነፈሰ አይኑ ከፈዘዘ ወይ እግሩ መወላከፍ ከጀመረ አልፏል። ካቆመ በኋላ ደሞ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ማውራት መሳቅ ወደሚችልበት መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ የዛን ቀኑ በዝቶበታል ማለት ነው። ከፍተኛው የልብ ምት 220 ሲቀነስ እድሜ ነው ሚለው ስሌት ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ አይሰራም፣ የነሱ ከፍተኛ የልብ ምት ከሌላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ያንን ቁጥር ለማምጣት ብትገፉት ከአቅሙ በላይ ነው ምታሰሩት።

ማስተማሩ ላይ ብዙ ቃል አታውጡ። "ሩጥ፣ እጅህን አወዛውዝ፣ በአፍንጫህ ሳብ" ብላችሁ ሶስት ትእዛዝ ባንዴ ካወረዳችሁ አንዱንም አይዝም። ከፊቱ ሆናችሁ ስሩት፣ እሱ ይከተል። መጀመሪያና መጨረሻ ሚታይ ነገር ስጡት፣ ለምሳሌ አስር ኳስ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጥና አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ኳስ ወደ ሌላው ቅርጫት ይውሰድ፣ ኳሱ ሲያልቅ አለቀ። "ሌላ አምስት ደቂቃ" ማለት ለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ባዶ ቅርጫት ግን ይገባዋል። ሁልጊዜ አንድ ሰአት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘፈን ይሁን፣ ዘፈኑ ሲጀምር ገና ሰውነቱ ይዘጋጃል። ጫጫታ ሚረብሸው ልጅ ከሆነ ፊሽካና ከፍ ያለ ስፒከር ይቅር። አባሮሽ ሚወድ ልጅ ካላችሁ ደሞ ትሬድሚል ምናምን ምን ያደርግላችኋል፣ አባሮሽ በራሱ ኤሮቢክ ነው።

ከእንቅስቃሴው ጎን ትንፋሽ ማስወጣትን እንደ ጨዋታ ጨምሩበት፣ ምክንያቱም "በረጅሙ ተንፍስ" ሚለው ትእዛዝ አይታይም አይዳሰስም። የሳሙና አረፋ መንፋት፣ ጠረጴዛ ላይ ቀላል የጥጥ ኳስ በትንፋሽ ማስኬድ፣ የወረቀት ሽክርክሪት ማዞር፣ ትንፋሹ ሲረዝም ሽክርክሪቱ ቶሎ አይቆምም፣ ልጁ የራሱን ትንፋሽ በአይኑ አየው ማለት ነው። አምስት ስድስቴ ነፍቶ ይረፍ፣ ከበዛ ጭንቅላቱን ያዞረዋል። ፊኛ ግን አልመክርም፣ የተቀደደ ፊኛ አፍ ውስጥ ገብቶ ያንቃል። ይሄ ጨዋታ ሩጫውን አይተካም፣ ሁለቱ አብረው ነው ሚሄዱት።

መሻሻሉን እንዴት አውቃለሁ ለምትሉ፣ ሆስፒታል ስፓይሮሜትሪ ሚባል ምርመራ አለ፣ ቱቦ ውስጥ በሀይል አስወጥቶ ሳንባ ምን ያህል አየር እንደሚያወጣ ይለካል። ችግሩ ልጁ መመሪያውን ተረድቶ ባለ በሌለ ሀይሉ መንፋት አለበት፣ ስለዚ ቁጥሩ አንሶ ቢወጣ ሳንባው ደክሞ ይሁን መመሪያው ሳይገባው ቀርቶ መለየት ይከብዳል። ቀድሞ ቤት ውስጥ ንፊያውን እንደ ጨዋታ ያለማመዳችሁት ልጅ እዛም ይቀለዋል። ለናንተ ግን ሚበቃችሁ የስድስት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ ሁለት ምልክት መሬት ላይ አስቀምጡ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በሱ ፍጥነት ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ፣ በወር አንዴ እዛው ቦታ ላይ ድገሙት። ደረጃ ሲወጣ ስንቴ እንደሚቆም መቁጠርም ጥሩ ነው።

አየሩንም እዩት፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ጭስ እየሳበ ቢሮጥ ምን ዋጋ አለው። ቤት ውስጥ ሲጋራ ሚያጨስ ካለ ውጪ ወጥቶ ያጭስ፣ ይሄንን ያለ ይሉኝታ ነው ምናገረው።

ሮጦ ካቆመ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሚያስለው ወይ ደረቱ ሲር ሲር ሚል ልጅ "ጉንፋን ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ እንቅስቃሴ ሚቀሰቅሰው የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ግን ሀኪም ይየው። ኢንሄለር (በአፍ ተረጭቶ ሚሳብ መድሀኒት) ከታዘዘለት አብዛኛው ጊዜ ከስፖርቱ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው ሚወስደው፣ የተረጨውን መድሀኒት ይዞ ሚያቆይለትን ስፔሰር ሚባለውን የፕላስቲክ ቱቦም ተጠቀሙ፣ መርጨቱንና መሳቡን ባንዴ ማገናኘት ለነዚ ልጆች ከባድ ነው። ከንፈሩ ወይ ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ወይ ወደ ግራጫ ከተቀየረ፣ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ይዞ ካለቀሰ፣ ሲተነፍስ በጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከተሳበ አቁሙና ቀጥታ ወደ ህክምና ውሰዱት። ትኩሳት ያለበት ቀን ስፖርት የለም፣ ታሞ ከተነሳ በኋላም ያቆመበት ላይ አትመልሱት፣ ከ20 ደቂቃ ላይ ታሞ ከሆነ በ10 ጀምሩ፣ ቅርጫቱ ውስጥም አምስት ኳስ ብቻ አስቀምጡ።