አፕል ስንበላ ጥቅሙን የሚያሳጡን ስህተቶች

አፕል ለጤና ጥሩ እንደሆነ የማያውቅ የለም፣ ችግሩ ብዙ ሰው ዋናውን ጥቅም ቆሻሻ ውስጥ ይጥልና ጣፋጩን ብቻ ይበላል። እስቲ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በጣም የተለመደው ልጣጩን ማንሳት ነው፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። አንድ መካከለኛ አፕል ከነልጣጩ 4 ግራም ምናምን ፋይበር አለው፣ ስትልጡት ወደ 2 ግራም ይወርዳል፣ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ኩዌርሴቲን የሚባለው አንቲኦክሲደንትም በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው። "ኬሚካል ተረጭቶበታል" ብለው የሚልጡ አሉ፣ ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን መጀመሪያ በደንብ እጠቡት። በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፕልን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲዘፈዝፉት ላዩ ላይ የነበረው የሞከሩት ፀረ ተባይ ለቋል፣ ወደ ውስጥ የሰረገው ግን በመታጠብ አይወጣም። መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ከዛ በንፁህ ውሃ አለቅልቁት። የሚያብለጨልጨው ሰም ደሞ አያስፈራችሁ፣ የሚበላ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ጁስ ማድረግ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ጤናማ ነገር እየጠጣ እንደሆነ የሚያስበው ሰው በጣም ብዙ ነው። ጁሰሩ ውስጥ የቀረውን እርጥብ ቡናማ ገለባ እዩት እስቲ፣ ፋይበሩ እኮ እሱ ነው፣ እኛ ግን እሱን ደፍተን ስኳሩን በብርጭቆ እንጠጣለን። ፔክቲን የሚባለው የአፕል ፋይበር አንጀት ውስጥ እንደ ጄል ሆኖ የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል፣ ጉበት ደሞ የወጣውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው፣ ጥርት ያለ ጁስ ውስጥ ግን ይሄ ፋይበር የለም ማለት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ደሞ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ በአንድ ደቂቃ ነው የሚያልቀው፣ ሙሉ አፕል ግን ማኘክ ስለሚፈልግ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። በ2009 በፔንሲልቬኒያ በተሰራ ጥናት ሰዎች ከምሳ በፊት ሙሉ አፕል ሲበሉ፣ አፕሉ ራሱ ተቆጥሮ እንኳን፣ ምንም ሳይበሉ ምሳ ከቀረቡበት ቀን በ15 ፐርሰንት ያነሰ ካሎሪ ነው የወሰዱት፣ ጁሱ ይሄን ያህል አላጠገባቸውም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሙሉውን መብላት ይችላል፣ ግን አንዱ አፕል 25 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

ሌላው አፕልን እንደ መድሃኒት መቁጠር። "በቀን አንድ አፕል ሐኪም ያርቃል" የሚለውን በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ8000 በላይ አዋቂዎች ላይ ተመራማሪዎች አይተውት፣ በየቀኑ የሚበሉት ሐኪም ጋ መሄዳቸው ከሌላው የተለየ አልነበረም። ስለዚህ የግፊትም የኮሌስትሮልም መድሃኒታችሁን በአፕል አትተኩ በጭራሽ።

መሃሉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፍሬዎች በተመለከተ፣ ሳይታኘክ አንድ ሁለት ቢዋጥ ምንም አይልም፣ ነገር ግን አሚግዳሊን የሚባል ነገር ስላለው ሲታኘክ ወይም ሲፈጭ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፣ ብሌንደር ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት መሃሉን አውጡ በቃ።

ሆዳቸውን እየነፋቸው "ጤናማ ነው" እያሉ ግድ የሚበሉም አሉ። አፕል ውስጥ ሶርቢቶል የሚባል ስኳር መሰል ነገርና ብዙ ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) አለ፣ አንጀታቸው ስስ የሆነ ሰዎችን በጣም ያስቸግራል፣ እንዲህ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ ወይ ሌላ ፍራፍሬ ብሉ፣ ግዴታ አይደለም እኮ። ጥሬውን ሲበሉ አፋቸውንና ጉሮሯቸውን የሚያሳክካቸው ደሞ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ወይም ጉሮሮ የሚያብጥ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥሬ ቁራጭ አትስጡ፣ ሊያንቀው ይችላል፣ ፍቃችሁ ወይም ቀቅላችሁ አለስልሱለት። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ደሞ ጁስ ጭራሽ አይሰጥም።

እና የአለርጂ መድሃኒት ፌክሶፌናዲን የምትወስዱ፣ በአፕል ጁስ አትዋጡት፣ ጁሱ ወደ ደም የሚገባውን የመድሃኒቱን መጠን ስለሚቀንሰው በውሃ ብቻ ውሰዱት።